ጥርሴን አመመኝ ብዬ የሄድኩበት ስብሰባ
(ለአሠሪዎችና ለሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አሠሪዎች፣ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ንግግሬን በኑዛዜ ልጀምር። ከዓመታት በፊት፣ ገና ተራ ሠራተኛ ሳለሁ፣ የልጄ የክፍል ኃላፊ መምህርት አስጠራችኝ። ልጄን ማንበብ ከብዷት ነበር። ቀጠሮው የዋለው በሥራ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። የቅርብ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ እንዲህ ላለው ጉዳይ ቦታ አልተተወለትም። ሕመም አለ፣ ሐዘን አለ፣ ጋብቻ አለ፣ ወሊድ አለ። ልጅ ከተወለደ በኋላ የሚያድግ መሆኑን ቅጹ የሰማ አይመስልም። ስለዚህ ጠዋት ስልክ ደወልኩና "ጥርሴን አሞኛል" አልኩ። ግማሽ ሰዓት ለፈጀ ውይይት ሙሉ ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ከምሳ በኋላ ደልቶት አይገባማ! በማግስቱ አለቃዬ ከልባቸው አዝነው አንድ ጎበዝ የጥርስ ሐኪም ጠቆሙኝ። ከውሸቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ደግነታቸው ነው።

ከመካከላችሁ እንዲህ ያደረጋችሁ እጃችሁን አውጡ አልላችሁም። አለቆቻችሁ አጠገባችሁ ሳይቀመጡ አይቀሩም።

ታሪኩን ያነሣሁት ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መንገዱን ጨምሮ ጉዳዬ የሚጠይቀው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነበር። መሥሪያ ቤቴ ያጣው ግን ስምንት ሰዓት ነው። መምህርቷ ቀጠሮውን የሰጠችኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ አለቃዬ የሰሙት ሥራ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። የእኔን ሥራ የሚሸፍን ሰው ለመፈለግ የነበራቸውን ሁለት ሳምንት ውሸቴ በላው። ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ሰዓት እንዲወስዱ እንፍቀድ ወይስ አንፍቀድ እያልን ስንከራከር ይህን እንረሳለን፤ ሰዓቱ ዛሬም እየተወሰደ ነው። የሚወሰደው በሕመም ስም፣ በመኪና ብልሽት ስም፣ በሌለች አክስት ቀብር ስም ነው። የእኛ ምርጫ ሰዓቱን አውቀን መስጠት ወይም ሳናውቀው፣ ያውም እጥፍ ድርብ ሆኖ፣ ማጣት ነው።

ደግሞ አስቡት፤ ወላጅን ከሥራው ከሚጠሩት ጉዳዮች ሁሉ እንደ ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚታወቅ የለም። ጉንፋን ቀጠሮ አይዝም። ማሽንም ሊሰበር ሲል አይናገርም። የትምህርት መጀመሪያው ቀን፣ የወላጆች ስብሰባ፣ ካርድ የሚሰጥበት ቀን ግን ከትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ጀምሮ በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ድንገተኛ የሚሆነው "ወላጅ ይዘህ ና" የሚለው ጥሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለቀደሙት ጥሪዎች ሰው ሲጠፋ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 156 ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ስምምነቱ ለወንዶችም ለሴቶችም ሠራተኞች እንደሚሠራ በርዕሱ ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ በአንቀጽ 8 ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት ብቻውን ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ጠቅላላው መርህ ነው። ወደ ትምህርት ቤት በር ድረስ ወርደው ሕግ ያወጡም አሉ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለወላጅ በዓመት እስከ 40 ሰዓት መፍቀድ አለበት። በማሳቹሴትስ 24 ሰዓት ነው፣ በሚኒሶታ 16። በኢሊኖይ በአንድ የትምህርት ዘመን 8 ሰዓት ነው፤ በአንድ ቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም። በስሎቬንያ ደግሞ ልጁ አንደኛ ክፍል የሚገባ ሠራተኛ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ልጁን እንዲያደርስ ክፍያ የሚታሰብበት ፈቃድ አለው። ይህችኛዋን እወዳታለሁ። ሕግ አውጪዎቹ ያንን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች መሆን አለባቸው።

ከቁጥሮቹ ብዛት ይልቅ መለኪያውን አስተውሉ። የአሜሪካዎቹ ሕጎች የሚቆጥሩት በሰዓት ነው። እኛ ፈቃድን የምንቆጥረው በቀን ስለሆነ ሁለት ሰዓት የሚፈልግን ሰው ቀኑን በሙሉ ከሥራ እናርቀዋለን። "ይህ መብት ለብልጣ ብልጦች በር ይከፍታል" ለሚለው ስጋትም መልስ አዘጋጅተዋል፤ በካሊፎርኒያ አሠሪው ሠራተኛው በዚያ ሰዓት መገኘቱን የሚገልጽ ማስረጃ ከትምህርት ቤቱ መጠየቅ ይችላል። ከጥርስ ሐኪም ወረቀት ይልቅ ይህ ማስረጃ በቀላሉ ይገኛል።

እነዚህ የአሜሪካ ሕጎች ጉድለት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ትልቁ ጉድለታቸው አሠሪው ለሰዓቱ እንዲከፍል አለማስገደዳቸው ነው። ይህም ወደ ዋናው ጉዳዬ ያመጣኛል።

ዛሬ እኔ ለልጄ ትምህርት ቤት መሄድ ብፈልግ ኮቴን አንሥቼ እወጣለሁ። "የት ነህ?" የሚለኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም "ስብሰባ ላይ ነኝ" ብዬ እመልሳለሁ፣ እውነትም ስብሰባ ላይ ነኝ። ላፕቶፕ የያዘ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ይችላል። ሂሳብ ተቀባይዋ ግን ወረፋውን ጥላ አትሄድም። ነርሷ ተረኛ ሳይተካት በሽተኛዋን ትታ አትወጣም። አውቶቡስ ሾፌሩ ተሳፋሪ ይዞ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት አይታጠፍም። በፈረቃ የሚሠራው፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድገው ሰው የሁለት ሰዓት ደመወዙን ከልጁ ጋር በሚዛን ያስቀምጣል። እንዲህ ባለ ሚዛን ፊት ማቆም በራሱ ነውር ነው። መምህሩ ይህን ሁሉ አያይም። የሚያየው ባዶ ወንበር ነው። በሦስተኛው ስብሰባ ወንበሩ ባዶ ሲሆን "ግድ የሌላቸው ወላጆች" ብሎ በልቡ ይመዘግባል፤ ያ መዝገብ ከልጁ ጋር ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል።

የመማር ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወላጅ ሲሆንማ አንድ ስብሰባ አይበቃም። ምዘና አለ፣ ከምዘናው በኋላ ውይይት አለ፣ ዕቅዱ ሲከለስ እንደገና ውይይት አለ። የዓመት ፈቃዱን በሙሉ በዚህ ጨርሶ አንድም ቀን ሳያርፍ ወደ ሌላው ዓመት የሚሻገር ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤታችሁ አለ። ስሙን አታውቁትም፤ ምክንያቱን አልነገራችሁማ።

አባቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ትምህርት ቤት ሲደውል መጀመሪያ የሚደውለው ለእናት ነው። አባት ፈቃድ ሲጠይቅ ደግሞ አለቃው "እናታቸው የት ሄደች?" ይለዋል። ይህን ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ዳግም አልጠይቅም።

ትምህርት ቤቶችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የስብሰባ ወረቀት በዋዜማው በልጅ ደብተር ውስጥ አጥፈው እየላኩ "ወላጆች አይመጡም" ብለው ያማርራሉ። ሁሌም የሥራ ቀን፣ ሁሌም ጠዋት። ከመካከላችሁ የትምህርት ቤት ቦርድ አባላት ካላችሁ ይህን ጉዳይ አደራ።

ልጅ የሌላቸው ባልደረቦች የሚያነሡት ቅሬታም አለ፤ "እኔ ስለምን የእርሱን ሥራ እሸፍናለሁ?" ይላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስምምነት ቁጥር 156 ራሱ ከልጆች ሌላ እንክብካቤ ወይም ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን የቅርብ የቤተሰብ አባላት ይጨምራል። አረጋዊት እናቱን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ሠራተኛም ከዚያው ማዕድ ይቋደስ። ያን ጊዜ ዛሬ የሸፈነው ነገ ይሸፈንለታል።

እኔ በምመራው ድርጅት ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። በፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ "የልጅ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ፣ በሰዓት" ይላል። ሠራተኛው ከሳምንት በፊት ይሞላል፤ ትምህርት ቤቱ በድንገት ከጠራው በዕለቱ ይሞላል። በፈረቃ የሚሠሩት እርስ በርሳቸው ተስማምተው ይቀያየራሉ፤ ቅያሪውን የክፍሉ ኃላፊ በፊርማው ያጸድቃል። ደመወዝ አይቆረጥም። ገንዘብ ክፍላችን ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ለመዋጥ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶበታል፤ ሦስተኛው ላይ ሥራ አስኪያጃቸው ራሱ ሰብሰብ ብሎ ቅጹን ሲሞላ አገኘነው።

ባለፈው ወር አንድ የማሽን ሠራተኛችን በዚያ መስመር ላይ "ልጄ ግጥም ታነባለች፣ ሁለት ሰዓት" ብሎ ጻፈ። ፈረሙለት፣ ሄደ። ሰዓቱ ሳይሞላ ሲመለስ በሩ ላይ ተገናኘንና "እንዴት ሆነች?" አልኩት።

"ሦስተኛውን ስንኝ ረሳችው" አለኝ፤ የሥራ ልብሱን እየቆለፈ ወደ ማሽኑ ሄደ።

አመሰግናለሁ።