ለተራው ሰው የተሠራ ሰፊ መኪና፦ ስለ 1960ዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖች የተደረገ ውይይት

ሩት፦ ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። እንደ ወትሮው ከሎስ አንጀለስ ከተማ ነን። ዛሬ የምንወያየው በ1960ዎቹ ስለተሠሩት ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖችና ከስድሳ ዓመት በኋላም ስላልተለዩዋቸው ወዳጆቻቸው ነው። ባልደረባዬ ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ መካኒክ ከመሆናቸውም በላይ የ1964 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ባለቤት ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። ጋሽ ታደሰ፣ እነዚህን መኪኖች አሜሪካውያን «ፉል ሳይዝ» ይሏቸዋል። ስያሜው ከየት መጣ?

ታደሰ፦ አመሰግናለሁ፣ ሩትዬ። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሼቭሮሌት፣ ፎርድና ፕሊማውዝ ለቤተሰብ የሚሠሩት መኪና በመሠረቱ አንድ መጠን ስለነበረው የሚለይበት ቃል አላስፈለገም ነበር። ለ1960 ኮርቬየር፣ ፋልከንና ቫሊያንት የሚባሉት አነስተኛ መኪኖች ሲወጡ ግን ነባሩን ከአዲሶቹ መለየት ግድ ሆነና «ሙሉ መጠን» ተባለ። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው የመኪናውን ግዝፈት ሲያይ የባለጸጋ ንብረት ይመስለዋል። ኢምፓላ ግን የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የመምህሩና የፖስታ አመላላሹ መኪና ነበር፤ በ1965 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የዚያ ዓመት ኢምፓላ ርዝመቱ 5.4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ያህል ነው። የፊት ወንበሩ እንደ መደብ ከበር እስከ በር የተዘረጋ ሲሆን፣ የማርሹ ዘንግ መሪው ሥር ስለሆነ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥበታል። እኔ እንደሚመስለኝ የፍቅሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ለተራው ሰው ሳይሰሰት የተሠራ ዕቃ መሆኑ ላይ።

ሩት፦ ርዝመቱ ራሱ ስም የሆነለት መኪናም አለ፤ አይደለም?

ታደሰ፦ አለ፤ ቢዩክ ኤሌክትራ 225። ቁጥሩ የሞተር ጉልበት አይደለም፤ መኪናው በ1959 ሲወጣ የነበረው ርዝመት በኢንች ሲለካ ነው፣ ማለትም 5.7 ሜትር ገደማ። ጥቁር አሜሪካውያን ይህን መኪና «ዱስ ኤንድ ኤ ኳርተር» እያሉ ይጠሩታል፤ ሁለት ከሩብ እንደማለት ነው። ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው ላይ አክብሮት ይሰማል፤ አባትየው ለዓመታት ሠርቶ የገዛው፣ ልጆቹም እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱበት መኪና ነውና።

ሩት፦ ባለፈው ቅዳሜ ኢምፓላውን ሲያስተካክሉ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ኮፈኑ ሲከፈት የገረመኝ ባዶ ቦታው ነው። የእኔን መኪና ኮፈን ስከፍት የሚታየኝ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ሲሆን፣ በእርስዎ መኪና ውስጥ ግን በሞተሩ ግራና ቀኝ መሬቱ ሳይቀር ይታያል።

ታደሰ፦ በስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ላይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ከላይ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች በጎንና በጎን፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ደግሞ ከኋላ ተቀምጠው እያንዳንዱ በዓይን ይታያል፣ በእጅም ይዳሰሳል። ያን ቀን ያሳየሁሽን ለአድማጮቻችን ልግለጽላቸው። በሼቭሮሌቱ ዲስትሪቢዩተር ጎን ላይ ወደ ላይ የምትከፈት ትንሽ የብረት መስኮት አለች። ሞተሩ እየሠራ መስኮቷን ከፍተሽ ባለ ስድስት ጎን ቀጭን መፍቻ ታስገቢና በሰዓት አቅጣጫ ቀስ እያልሽ ታዞሪያለሽ። ሞተሩ እየተንገዳገደ አልፎ አልፎ ሳይቀጣጠል መቅረት ሲጀምር ቆም ብለሽ ግማሽ ዙር ትመልሺዋለሽ፤ ወዲያው ድምፁ ይስተካከላል። ኮምፒውተርም ሆነ የመለኪያ ስክሪን አያስፈልግም፤ መፍቻና ጆሮ ይበቃል።

ሩት፦ እኔም ሞክሬ ነበርና ሞተሩ በእጄ ሥር ሲረጋጋ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ከዚያ በፊት መኪና ለእኔ ቁልፍ ሲዞር የሚነሣ፣ ሲበላሽ ደግሞ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ዕቃ ብቻ ነበር።

ታደሰ፦ ወዳጆቹ ከመኪናው ጋር ከሚያቆራኟቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው። ጠዋት ሲነሣ እንኳ አያያዙ የተለየ ነው። መጀመሪያ የቤንዚኑን ፔዳል አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ትለቂያለሽ፤ የካርቡራተሩ የአየር መዝጊያ በዚህ ጊዜ ይዘጋል። ከዚያ ቁልፉን ስታዞሪ ሞተሩ ከፍ ባለ ድምፅ ይነሣል፤ እስኪሞቅ ጠብቀሽ ፔዳሉን ነካ ስታደርጊው ድምፁ ወርዶ ይረጋጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ በማዞር ባትሪውን ይጨርሳል።

ሩት፦ እዚህ ከተማችን ውስጥ ኢምፓላ ሲነሣ ሰዎች ወዲያው የሚያስቡት እስከ አስፋልቱ ዝቅ የሚሉትን «ሎውራይደር» መኪኖች ነው። ሌላ መኪና ሳይሆን ኢምፓላ የተመረጠው ለምንድን ነው?

ታደሰ፦ በመጀመሪያ ዋጋው ነው። በብዛት ስለተሸጠ ጥቂት ዓመታት ያገለገለውን በርካሽ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ስለዚህ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ አሜሪካውያን ወጣቶችና የደቡብ ሎስ አንጀለስ ጥቁሮች የራሳቸው አደረጉት። ሁለተኛው ምክንያት ግን አሠራሩ ነው። ከ1958 ጀምሮ ትልልቆቹ ሼቭሮሌቶች በአራቱም እግር ላይ ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ ዝርግ ብረት ሳይሆን፣ ጥምዝ ሞላ ነበራቸው። ጥምዝ ሞላ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከዚያም አልፎ ቦታው ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሲሊንደር ለመግጠም ይመቻል። ከ1958 እስከ 1964 የተሠሩት ደግሞ ሻንሲያቸው፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ መሃሉ ላይ እንደ ኤክስ ፊደል የተጣመረ ስለሆነ በቀላሉ ይታወቃሉ።

ሩት፦ የዘይት ግፊቱ የመጣው ግን ለማማር ብቻ አልነበረም።

ታደሰ፦ አዎን፣ ሕግ ያመጣው ብልሃት ነው። ካሊፎርኒያ በ1950ዎቹ መጨረሻ የመኪናው አካል ጎማው ከሚገጠምበት ቸርኬ የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለች። ሞላ አስቆርጦ ያስወረደ ሰው ፖሊስ ሲያስቆመው ሊቀጣ ነው፤ ስለዚህ ከአውሮፕላን የተረፉ ፓምፖችንና ቫልቮችን ገጥመው በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ላይ ያነሡት ጀመር። በኋላም ከተሞች በዝግታ እየነዱ መዘዋወርን ራሱን ከለከሉ። ካሊፎርኒያ ይህን ክልከላ ያነሣችው በ2023 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ተግባራዊ የሆነውም ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ልጆቻቸውን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው በክሬንሾ ጎዳና ላይ በቀስታ የሚነዱ ሽማግሌዎችን ባየሁ ቁጥር ይህ ሁሉ ዓመት ወንጀል ተብሎ መቆየቱ ያሳዝነኛል።

ሩት፦ ፍቅሩ በአሜሪካም አልተወሰነም። በስዊድን «ራጋሬ» የሚባሉ የሠራተኛ ቤተሰብ ወጣቶች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚህኑ መኪኖች ይነዱ ነበር፤ በ1978 የተጀመረው «ፓወር ቢግ ሚት» የተባለው ስብሰባቸውም በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ መኪኖችን የሚያገናኝ ሆኗል። አሁን ግን ከባዱን ጥያቄ ላንሣ። እነዚህ መኪኖች አደገኛ አይደሉም?

ታደሰ፦ ናቸው፤ መውደዴ ይህን ከመናገር አይከለክለኝም። ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ይጠብቀኛል የሚል ሰው ተሳስቷል። በ2009 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት የመድን ኢንስቲትዩት የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። አሮጌው መኪና የሹፌሩ ክፍል ሳይቀር ተጨማደደ፤ መሪውም ወደ ሹፌሩ ተገፋ። በሹፌሩ ቦታ ለሙከራ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር፤ የአዲሱ ሹፌር ግን በእግር ጉዳት ብቻ ያመልጥ ነበር። በዚያ ላይ የአብዛኞቹ ፍሬን በአራቱም እግር ከበሮ በሚመስል ዝግ ብረት ውስጥ የሚይዝ ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ስለነበር፣ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። እኔ በራሴ መኪና ላይ ሁለት መስመር ያለውን የፍሬን ፓምፕና የፊት ዲስክ ፍሬን አስገብቻለሁ። አንዳንዶች ከፋብሪካ ከወጣበት ምንም መለወጥ የለበትም ብለው ይከራከራሉ፤ ለሙዚየም ከሆነ እስማማለሁ፣ የልጅ ልጄን ለምጭንበት መኪና ግን አልስማማም።

ሩት፦ ቤንዚኑስ?

ታደሰ፦ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ይጠጣል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና አይደለም።

ሩት፦ ለአድማጮቻችን አንድ ነገር ልጠቁም። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ወደተሰየመው ሠፈራችን ለምሳ የሚመጣ ሰው በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ትንሽ ቢነዳ፣ ከዊልሻየር ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የፒተርሰን የመኪና ሙዚየምን ያገኛል። እኔ ለዓመታት በአጠገቡ ሳልፍ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም ነበር።

ታደሰ፦ አብረን የገባን ዕለት ከሁሉም አስቀድሜ የኋላ መብራቶቹን ቁጠሪ ማለቴን ታስታውሻለሽ። የዚያን ዘመን ብዙዎቹን ኢምፓላዎች ከሩቅ የሚለዩዋቸው በየጎኑ የተደረደሩት ሦስት ሦስት ክብ መብራቶች ናቸው።

ሩት፦ በመጨረሻ፣ አንድ ወጣት አድማጫችን የዚያን ዘመን መኪና ሊገዛ እንደሆነና ምን ማየት እንዳለበት በጽሑፍ ጠይቆናል።

ታደሰ፦ ሞተሩን መጨረሻ ላይ ይመልከት፤ የሼቭሮሌት ሞተር ዕቃ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ገንዘብ የሚጨርሰው ዝገትና ክሮም ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ይሂድና ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ የበሮቹን የታችኛውን ጠርዝና የኋላ መስታወቱን ዙሪያ ቀስ እያለ ይንካ። ማግኔቱ ተስቦ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ እየተንሸራተተ ከወደቀ ቀለሙ የሸፈነው ዝገት የበላውን ቦታ የሚሞሉበት ስቱኮ ነው። ከዚያ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ ምንጣፉን ያንሣና ወለሉን በእጁ ይዳስስ። ሻጩ ምንጣፉን ማንሣት ካልፈቀደለት ምስጋናውን አቅርቦ ወደ ቤቱ ይመለስ፤ መኪናውን ለማየት ሲሄድም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን።