ወረቀቱን ከማጠፋችን በፊት

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

የተሰጠኝ ርዕስ የፓኒክ አታክ፣ ማለትም አደጋ ሳይኖር በድንገት የሚነሣ ብርቱ ፍርሃት፣ መንስኤና ምልክቶች ነው። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ሁላችንም በየተራችን ስንደጋግማት የኖርናትን አንዲት ንግግር ነው፤ «ኢሲጂው (የልብ ምርመራው ወረቀት) ደህና ነው፤ ምንም የለብዎትም።»

እኔም ይህችን ቃል ለስንቱ እንደተናገርሁ አላውቅም። አንዳንዶቻችሁ አብራችሁኝ ተረኛ በነበራችሁበት በዚያ ሌሊት ግን፣ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋሁ ሳለ ልቤ ደረቴን ጥሶ የሚወጣ እስኪመስለኝ መታ፤ ትንፋሼ አጠረ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጣቶቼና የከንፈሬ ዙሪያ ነዘሩኝ፣ የቆምሁበት ኮሪደር ሕልም መሰለኝ። የሃርት አታክ ምልክቶችን ለተለማማጆች ሳስተምር የኖርሁት ነርስ፣ ሞትሁ ብዬ የጋሪውን ብረት ጨብጬ ቀረሁ። ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ንጹሕ ነበር። ባልደረባዬ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ምን አለኝ? «ሲስተር፣ ምንም የለብሽም፤ ትንሽ ዕረፊ።» ምንም! ምንም የሌለበት ሰው ነው እንግዲህ እንደዚያ የሚንቀጠቀጠው?

የሆነው ይህ ነው። አንጎል አደጋ በሌለበት የአደጋ ደወል ይደውላል፤ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል። ትንፋሽ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ማዞሩና መንዘሩ ከዚያ ይመጣል። ታማሚው ይህን የሞት ምልክት አድርጎ ሲወስደው ፍርሃቱ ይብሳል፣ ፍርሃቱም ልቡን ዳግም ያፈጥነዋል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ መብረድ ይጀምራል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደህና መስሎ የሚታየንም ስለዚህ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ፣ ልባቸው ጉዳት ሳይገኝበት ስለሚደልቅ፣ ትንፋሻቸውም ስለሚያጥር ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1871 ጽፏል። ምንም የለባቸውም ብሎ አልሸኛቸውም፤ ለሕመማቸው ስም ሰጠው። እኛ ከእርሱ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ቆይተን ስሙን እንነፍጋለን!

መንስኤውን በአጭሩ ልበል፤ በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት፣ የቆየ ውጥረት፣ ሐዘን። ብዙ ካፌይን ይቀሰቅሰዋል፤ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ሆርሞን ሲበዛም ምልክቱ ይመሳሰላልና ይመርመር። ደረቱን ያመመውን ሰው ልቡን ሳያጣሩ ፓኒክ ነው ማለትም ሌላ ጥፋት ነው።

እኔ ስሙን የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ፣ እንደገና ይይዘኛል ብዬ አሳንሰር ትቼ ስድስት ፎቅ በእግሬ መውጣት ከጀመርሁ ወዲያ ነው። እናም ወረቀቱን ከማጠፋችሁ በፊት ቁጭ በሉና፣ «የያዘዎት ፓኒክ አታክ ይባላል፤ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት ይታከማል» በሏቸው፤ የት እንደሚሄዱም ጻፉላቸው።

አመሰግናለሁ።