በለስን በቅጠሉ አትመኑት

[ምስል፦ ሁለት የበለስ ቅጠሎች ነጭ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን]

እነዚህን ሁለት ቅጠሎች ተመልከቱ። አንዱ እንደ መዳፍ አምስት ጣቶቹን ዘርግቷል፤ ሌላው ድፍን ነው፣ ጣት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሁለት ዓይነት በለስ ናቸው ብትሉ አልፈርድባችሁም። የቆረጥኳቸው ግን ከአንድ ዛፍ፣ ያውም ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ስሙን አስቀድመን እናጥራ። በለስ ስል እሾሃማውን የቁልቋል ፍሬ ማለቴ አይደለም። የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ዛፍ ማለቴ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ካሪካ ይባላል። ወተቱን አትናቁት። ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃም ያስቋጥራል። ቅርንጫፍ ስትገርዙ ጓንትና ረጅም እጅጌ ይኑራችሁ።

[ምስል፦ በቢላዋ ለሁለት የተከፈለ የበሰለ ፍሬ፣ በቅርበት]

ፍሬ የምንለው ይህ ነገር ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ከረጢት ነው። እነዚህ ቀያይ ክሮች እያንዳንዳቸው አበባ ነበሩ። ከፍሬው ጫፍ ያለችው ቀዳዳ ዓይን ትባላለች፤ በጣም ትንሽ የሆነች ተርብ የአበባ ዱቄት ተሸክማ የምትገባው በእርሷ ነው። ተራ የሚባሉት የበለስ ዓይነቶች ተርቧ ኖረች አልኖረች ፍሬያቸውን ያበስላሉ። ስሚርና የሚባለው ወገን ግን ያለ እርሷ ፍሬውን በጥሬው ያራግፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሚርናን የተከሉ ገበሬዎች ዓመት በዓመት ሲረግፍባቸው ኖረዋል፤ ችግሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1899 ተርቧ መጥታ እዚያ ስትላመድ ነው። ዛፋችሁ በየዓመቱ ፍሬውን ሁሉ በጥሬው የሚያረግፍ ከሆነ፣ ማዳበሪያውን ከመወንጀላችሁ በፊት ወገኑን ጠርጥሩ። ለጓሮ የሚሆነው ተራው ነው።

[ምስል፦ ብርሃን በሚያሳልፍ ኩባያ ውስጥ የቆመ ቁራጭ]

በለስ የሚራባው በቁራጭ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ በሚያርፍበት ወቅት፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚረዝመውንና ሦስት አራት አንጓ ያለውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። አንዱን አንጓ ብቻ ከላይ አስቀርታችሁ ሌላውን ውኃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ ቅበሩት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ! እኔ መጀመሪያ ከተከልኳቸው 12 ቁራጮች 9ኙን በውኃ ብዛት አበስብሻለሁ። ያሳሳተኝ ቅጠሉ ነበር። ቁራጩ ገና አንድ ሥር ሳያወጣ፣ በግንዱ ባጠራቀመው ስንቅ ብቻ ቅጠል ይዘረጋል። «ያዘልኝ» ብላችሁ ውኃ ስታንቆረቁሩ ከሥር ይሞታል። ኩባያው ብርሃን እንዲያሳልፍ የመረጥኩትም ለዚህ ነው፤ ነጫጭ ሥሮች ዙሪያውን ሲሽከረከሩ በዓይናችሁ ካላያችሁ ደስታውን አቆዩት።

ቁራጭ ስትቀበሉ እናት ዛፉን ማየት ከቻላችሁ እዩት። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር ካለ የሞዛይክ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ቫይረሱ ከቁራጩ ጋር አብሮ ይመጣል፣ መድኃኒትም የለውም። ብዙ ዛፎች ተሸክመውት ያፈራሉ፤ ደካማውን ግን ያቀጭጫል።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይድረሰው። ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያመጣም። ሥሩ በመጠኑ ሲጠበብ እንዲያውም ማፍራት ይወዳል፤ ስለዚህ ትልቅ የችግኝ ዕቃ ይበቃዋል።

[ምስል፦ የአምናና የዘንድሮ እንጨት መገናኛ፣ በጣት እየተጠቆመ]

መግረዝ ላይ ግን ቆም እንበል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ሁለት ጊዜ ሊያፈሩ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ፍሬ በዚህ በአምናው እንጨት ላይ፣ ዋናው ፍሬ ደግሞ በዘንድሮው ለጋ ላይ ይመጣል። አምናውን ሁሉ ጨፍጭፎ የገረዘ ሰው የመጀመሪያውን ምርት አብሮ ጥሎታል።

አሁን የዛፋችሁ ዓይነት ስሙ ማን እንደሆነ ወደ መለየቱ። ቅጠል ከዛፉ ዕድሜ፣ ከጥላና ከቦታው ጋር ይለዋወጣል፤ ማስረጃ ይሆናል፣ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም። የፍሬውን አንገት እዩ፣ ረጅም ነው አጭር? ዓይኑ ክፍት ነው ዝግ? ልጣጩ ምን ይመስላል? ከፍላችሁም የሥጋውን ቀለም መዝግቡ። የምትመዘግቡት ከዋናው ምርት ይሁን፤ የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ተለቅ ይላል፣ ቅርጹም ይለያል። ስም ራሱ ያታልላል። ብራውን ተርኪ ተብሎ እንግሊዝ ውስጥ የሚተከለውና ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚያው ስም የሚጠራው አንድ ዛፍ አይደሉም።

[ምስል፦ አንገቱ የታጠፈ ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ]

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፍሬው ከበሰለ ነው፤ በለስ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ለሳምንታት በአንድ መጠን ይገተራል፣ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ አንገቱን ደፍቶ ይንጠለጠላል። ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን አትንኩት።

እኔ ነጭ በለስ ተብሎ የተሰጠኝ ችግኝ በሦስተኛው ዓመት ሐምራዊ ፍሬ አፈራ፤ ሥጋው እንጆሪ ይመስላል፣ ዓይኑ ዝግ ነው። ከአምስት ስሞች ጋር አስተያይቼዋለሁ፣ ሦስቱን ሰርዣለሁ። እስከዚያው ማስታወሻዬ ላይ «ከአጥሩ ሥር ያለው» ተብሎ ተጽፏል።