ርችቱን የት ገዛችሁት ሳይሆን የት ለኮሳችሁት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔያችን በደኅና መጣችሁ።

ወደ አጀንዳው ሳንገባ ስለ ርችት ጥቂት ልበል። ጁላይ 4 እየደረሰ ነው፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እንቁጣጣሽ ይከተላል። በዲሲ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ለሥራም ለለቅሶም በአንድ ቀን ሦስት አስተዳደር፣ ማለትም ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን፣ እናቋርጣለን፤ በርችት ጉዳይ ሦስቱ አይስማሙም። የሚመለከታችሁ ርችቱን የምትለኩሱበት ቦታ ሕግ ነው።

በሜሪላንድ፣ በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ማንኛውም ርችት ክልክል ነው። ልጆች በእጃቸው የሚይዙት፣ ብልጭታ የሚረጨው የሽቦ ርችት (ስፓርክለር) እንኳ አይፈቀድም። ሞንጎመሪ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «መጫወቻ እኮ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ሞንጎመሪ ላይ ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላርና እስከ 6 ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። ዲሲ ደግሞ ርዝመቱ ከ20 ኢንች ያልበለጠ ስፓርክለር ይፈቅዳል፤ የሚፈነዳና ሽቅብ የሚወነጨፍ ግን አይፈቅድም። ናሽናል ሞልና ሮክ ክሪክ ፓርክ የፌዴራል ይዞታ ስለሆኑ እዚያ ስፓርክለሩም ይቅር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቨርጂኒያ ላይ ነው። የስቴቱ ሕግ በግል ግቢ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ የማይፈነዳና ከቦታው የማይነሣ ርችት መለኮስን ይፈቅዳል። የመለኮሻው ክር የሚነድበት ጊዜና ብልጭታው የሚደርስበት ርቀትም ገደብ አላቸው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ግን ሁሉንም ከልክላለች። ችግሩ የፖስታ አድራሻ ነው፦ «አሌክሳንድሪያ» የሚል ደብዳቤ ከሚደርሳቸው ቤቶች ብዙዎቹ የከተማዋ ሳይሆኑ የፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው። ስለዚህ ፖስታውን ትታችሁ የቤት ግብር የምትከፍሉት ለማን እንደሆነ እዩ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ጠይቁ፤ የአፓርታማ በረንዳማ ለምንም ዓይነት እሳት አይሆንም።

ፔንሲልቬንያ ሄዶ መግዛት ለብዙዎች ቀላል መንገድ ይመስላል። እዚያ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው የሚፈነዳውንም መግዛት ይችላል፤ ሲለኩስ ግን ሰው ካለበት ሕንፃ 150 ጫማ መራቅ አለበት። ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ሜሪላንድ መግባት ሌላ ጣጣ ነው፤ በተከለከለበት ስቴት ሊጠቀምበት እያወቀ ርችት ያሻገረ ሰው በፌዴራል ሕግም ይጠየቃል። ኤም 80 የሚባለውን ኃይለኛ ፈንጂ ርችት ከማንም አትቀበሉ። ለሕዝብ የሚሸጥ፣ መሬት ላይ የሚፈነዳ ርችት ባሩዱ ከ50 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የፌዴራል ደንብ ይገድባል፤ ኤም 80 ግን 3 ግራም ያህል ይይዛል። ጣት የሚቆርጠው ይህ ነው።

በተፈቀደበት ቦታ ለምትለኩሱ፦ የስፓርክለር ሙቀት 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ብልጭታው ካበቃ በኋላም ሽቦው ይፋጃል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ አንድ ብቻ ስጡ፣ ጫማው የተሸፈነ ይሁን፣ ያለቀውን ሽቦ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይክተተው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ነጠላ የለበሱ እናቶችና ልጃገረዶች ይጠንቀቁ፤ ስስ ጥጥና የነጠላ ዘርፍ እሳት ለመቀበል የፈጠኑ ናቸው። ሳይነድ የቀረ ርችት ላይ አታጎንብሱ፣ ደግማችሁም አትለኩሱት። 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚሄደው በማግስቱ ነው።

ደመራ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ርችት ሳይሆን ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ስለሆነ ፈቃዱ አስቀድሞ ከአካባቢው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። መስከረም እስኪገባ አትጠብቁ፤ ኮሚቴው በዚህ ወር ይጀምር።

አሁን ጸሐፊያችን ያለፈውን ቃለ ጉባዔ ያነቡልናል።