የሚረጋው ዘይትና የምንኮራበት ኑግ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከሱሉልታ ነኝ። የእንጦጦ ጀርባ ብርድ እንደሆነው ነው። መሃል ላይ ላም ስትጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ናት፣ ችላ በሏት።

ዛሬ ስለ ዘይት ነው የማወራው። ለመጥበሻ የትኛው ዘይት ይሻላል? ባለሱቁን ብትጠይቁት ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልገውን ያነሳላችኋል። ዘመድ ብትጠይቁ ደግሞ መልሱ ያው ነው፤ "ከኑግ ወዲያ ዘይት አለ እንዴ?"

ኑግን ለማማት አይደለም የተነሳሁት። የጾም ወጥ በኑግ ዘይት ሲቁላላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ሌላ ነው። ግን ለሳምቡሳ፣ ለፓስቲ፣ ለቦምቦሊኖ፣ ለድንች ጥብስ፣ ማለትም ምግቡ ዘይት ውስጥ ለሚዋኝበት ጥብስ፣ ኑግ አይሆንም ባይ ነኝ። ይህንን እናቴ ፊት ተናግሬ አውቃለሁ። የተመለሰልኝን እዚህ አልደግመውም።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። የአገራችን ኑግ ዘይት ውስጥ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው። ለሰውነት የሚያስፈልግ ቅባት ነው። እሳት ላይ ግን ደካማ ነው። ሙቀትና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ቶሎ ይበላሻል። በዚያ ላይ ሰፈር ውስጥ የሚጨመቀው ኑግ እንደ ፋብሪካ ዘይት አይጣራም። ስለዚህ ቶሎ ይጨሳል፣ አረፋም ያበዛል። ለቁሌት ሲሆን ችግር የለውም፤ ሽንኩርቱና ውሃው ሙቀቱን ይይዙታል። ድስት ሙሉ ዘይት አግሎ ለረጅም ሰዓት መጥበስ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደምንንቀው ዘይት እንምጣ። የሚረጋው፣ ፓልም። እኛ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ካያችሁ ይህ ዘይት ነው። በዚህ ብርድ ሳይሞቅ አይቀዳማ! ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይትን አስወደደ። ኢንዶኔዥያም ለሳምንታት ፓልም ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። እኛም እዚህ አንድ ጀሪካን እንደ ወርቅ ስንፈልግ ከረምን።

"የሚረጋ ዘይት ደም ስር ውስጥ ሄዶ ይረጋል" ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? እኔ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፓልም በዚህ ሙቀት ይቀልጣል። ደግሞም የበላነው ዘይት እንዳለ ወደ ደም አይገባም። አንጀት ውስጥ ተበጣጥሶ ነው የሚያልፈው። ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ነው። ይህ ሲበዛ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ለልብም አይበጅም። እንግዲህ ስጋቱ ትክክል፣ ማብራሪያው ስህተት ነው።

የሚገርመው፣ ለልብ የማይመቸው ያው ቅባት ነው ፓልምን እሳት የሚያስችለው። ደጅ ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱት ሰዎች የሚመርጡት ለርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ውሎ እንደሌሎቹ ቶሎ አይበላሽም።

ታዲያ እኔ ቤት ምን እጠቀማለሁ? የተጣራ የሱፍ አበባ ዘይት። ፈሳሹን ማለቴ ነው። እሱም እንደ ኑግ ሊኖሌይክ ይበዛበታል፤ አልዋሻችሁም። ግን ስለተጣራ የሚጨሰው ከ220 ዲግሪ በላይ ነው፣ ለጥብስ ደግሞ ከ170 እስከ 180 ይበቃል። ሳቹሬትዱም ትንሽ ነው። እኔ የምጠብሰው አልፎ አልፎ ነው፣ አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ተጠቅሜ እጥለዋለሁ። ጠርሙሱ ላይ "ሃይ ኦሌይክ" የሚል ካገኛችሁ አታመንቱ፣ እሳት በደንብ የሚችል ዓይነት ነው። የወይራ ዘይትም ይጠበስበታል፣ ግን በዚያ ዋጋ ድንች የሚጠብስ ሰው ኪሱን ይወቅ።

አንድ ነገር ግን አለ። ለሽያጭ በየቀኑ የምትጠብሱ ከሆነ የኔ ምርጫ አይሆናችሁም። አምስት ቀን የተመላለሰ የሱፍ ዘይት ከመብላት በየጊዜው የሚቀየር ፓልም እመርጣለሁ። ዋናው ጣጣ ያለው ድግግሞሹ ላይ ነው። ዘይቱ ሲጠቁር፣ ሲወፍር፣ አረፋው አልጠፋ ሲል፣ ጢሱ ዓይን ሲያቃጥል አልቆለታል። አዲስ ዘይት ጨምሮ ማቅጠን አያድነውም። የተረፈውን ካስቀመጣችሁ ፍርፋሪውን አጥልሉት፣ ክደኑት፣ ጨለማ ቦታ አኑሩት። ጨው ደግሞ ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ምግቡ ከወጣ በኋላ ነው የሚነሰነሰው። ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታው የሚሸጥ ዘይትም አትግዙ። ብርሃን ያበላሸዋል።

ከፍታችንንም አትርሱ። ሱሉልታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንቹ ውስጥ ያለውም ውሃ ቀድሞ ይፈላና ይተናል፣ ውስጡ ግን ቶሎ አይበስልም። ቆላ በለመዳችሁት እሳት ከጠበሳችሁ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ ሙቀቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቀነስ አድርጉት። ቴርሞሜትር ማን አለው? እኔም የለኝም። ትንሽ ድንች ጣል አደርጋለሁ። ዙሪያውን ወዲያው ፈላ ፈላ ካለ ደርሷል፣ ዘይቱ መጨስ ከጀመረ አልፏል።

ስለ ኑግ ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እግር የሚያሳብጥ በሽታ ገብቶ ነበር። ሰውም ሞቷል። ሲጣራ አርጌሞኔ የሚባል፣ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ አረም ፍሬ ከዘይት እህል ጋር ተቀላቅሎ መጨመቁ ተደረሰበት። ታሪኩን የማነሳው ኑግ እንድትተዉ አይደለም። ከየትም በኮዳ የሚቀዳ፣ ማን እንደጨመቀው የማይታወቅ ዘይት እንዳትገዙ ነው። ቅርባችሁ መጭመቂያ ካለ ሂዱና እህሉ ሲበጠር እዩ። እኔ የምገዛበት ቤት ከብት አርቢዎች ፋጉሎ ለመውሰድ ይሰለፋሉ። ባለቤቱ ሲያበጥር ለማየት ስቆም ቅር አይለውም። እንዲያውም ወንበር ያቀርብልኛል። ያንን ዘይት ለወጥና ለሰላጣ አደርገዋለሁ፤ መጥበሻ ላይ አላደርሰውም።

የተጠቀማችሁበትን ዘይት ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። በዚህ ብርድ በተለይ ፓልሙ መስመሩ ውስጥ ይረጋል፣ እዚያስ እውነትም ይረጋል! ሲቀዘቅዝ በጠርሙስ ሞልታችሁ ከቆሻሻ ጋር ስጡት። የዛሬው ይኸው ነው። የምትጠብሱበትን ዘይት ጻፉልኝ፣ በተለይ ሰሊጥ የምትጠቀሙ ካላችሁ። ደህና ሁኑ።