ጅማት ይለመናል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከተጫወትነው ኮንሰርት ወዲህ በውስጤ ሲመላለስ የሰነበተ ነገር ስላለ እሱን ላውጋችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምኖረው ጀርመን አገር፣ ላይፕሲግ ከተማ ነው። ቀን ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ማክሰኞ ማታ ግን ቼሎዬን፣ ማለትም ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱትን ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ፣ አዝዬ የአንድ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ወደሚያጅብ ትንሽ ኦርኬስትራ እሄዳለሁ። አብዛኞቻችን ሙዚቃ እንጀራችን አይደለም፤ ብቻቸውን ለሚዘምሩ ድምፃውያንና ለከባድ ክፍሎች ባለሙያ ይጋበዛል። ከሦስት ዓመት በፊት የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሃን ሴባስቲያን ባክን የዮሐንስ ሕማማት፣ ማለትም በዮሐንስ ወንጌል ያለውን የጌታን መከራና ሞት በዜማ የሚተርክ ድርሰት፣ ተጫውተን ነበር። ዘንድሮ ያንኑ ድርሰት በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ከሞላ ጎደል በእነዚያው ሰዎች ደገምነው። የተለወጠው መሣሪያው ነው። ያኔ ሁላችንም የዛሬውን መሣሪያ በብረት አውታር ይዘን ነበር፤ ዘንድሮ ባክ በኖረበት፣ ባሮክ በሚባለው የሙዚቃ ዘመን እንደነበረው ከእንስሳ አንጀት በተገመደ አውታር ተጫወትን።

ቼሎዬ ያው የራሴ ነው። አውታሩን ቀየርኩ፣ ከወለል የሚያቆመውን የብረት ዘንግ ነቀልኩ፣ መሣሪያውን በሁለት ባቶቼ መካከል አቀፍኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ጭኔና ጀርባዬ ሲያመኝ ሰነበተ። ደጋን ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። የዛሬው ደጋን እንጨቱ ወደ ጭራው የጎበጠ ነው፤ ይህን ቅርጽ ያስያዘው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቱርት ሲሆን ጊዜውም በ1780ዎቹ ገደማ፣ ባክ ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየተናገርኩ ነው። የባሮኩ ደጋን ግን እንደ ማሲንቆ ደጋን ወደ ውጭ የቀሰተ ነው፤ ጫፉም ቀላል ነው። በእጅ መያዣው በኩል ድምፁ ይበረታል፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ይሟሟል። አንድን ድምፅ ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጌ ልጎትተው ስል እምቢ ይላል።

ቅኝቱም ወረደ። ዛሬ ኦርኬስትራዎች የሚቃኙበት «ላ» በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ የባሮክ ቡድኖች በ415 ይቃኛሉ፤ ግማሽ ቶን ያህል ዝቅ ይላል። በባክ ዘመን ቅኝቱ ከከተማ ከተማ ይለያይ ስለነበር 415 የዛሬ ሙዚቀኞች ተስማምተው የያዙት ቁጥር ነው። እኛም የቁልፍ ሰሌዳዋን በአንድ እርከን ማንሸራተት የሚቻል ትንሽ ተንቀሳቃሽ ኦርጋን ተከራየን።

አሁን የመክፈቻውን መዝሙር ላንሣ፤ እኔ እዚያ ላይ የማደርገው ነገር እጅግ ቀላል ነው። እኛ ባሶቹ፣ የወፍራሙ ድምፅ መሣሪያዎች፣ አንዲት «ሶል» ይዘን ደጋግመን እንመታለን። ከላያችን ቫዮሊኖቹ ያለ እረፍት ይሽከረከራሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ኦቦና ፍሉት እርስ በርስ እየተጋጩ ያቃስታሉ፤ ከዚያ መዘምራኑ «ጌታችን ሆይ» ብለው ይገባሉ። ከሦስት ዓመት በፊት በብረት አውታር ስንመታት ሶሏ ግድግዳ ሆነች። አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። አስፈሪ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ዘንድሮ ግን እያንዳንዷ ምት ቀጣይዋ ሳትመጣ ትሞታለች። በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለ። ከባድ ሸክም የያዘ ሰው ሲራመድ እግሩ መሬት ነክቶ ቀጣዩ እስኪነሣ ያለችውን ጊዜ ታውቋታላችሁ? እሷን ይመስላል። ያቺን ክፍተት ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ እኩል አድርጎ መጠበቅ እጅ ያደክማል። በብረቱ ጊዜ አልደከመኝም ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ መሣሪያ የማስበው የተለወጠው። በአሮጌና በዛሬ መሣሪያ ወዳጆች መካከል ያለው ክርክር ሁልጊዜ «ባክ የሰማው ድምፅ የቱ ነው?» በሚለው ላይ ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው፤ መሣሪያ ሲቀየር ድካሙ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይዛወራል።

ማስረጃዬ «ተፈጸመ» የሚለው አሪያ፣ አንድ ድምፃዊ ብቻውን የሚያዜመው ክፍል፣ ነው። ጌታ በመስቀል ላይ «ተፈጸመ» ካለ በኋላ አንዲት አልቶ፣ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ ያላት ዘማሪ፣ ቃሉን ተቀብላ ታዜመዋለች። ባክ አብሯት እንዲጫወት የመረጠው ቪዮላ ዳ ጋምባን ነው። ጋምባ እግር መካከል የሚያዝ፣ ስድስት ወይም ሰባት የአንጀት አውታር ያለው፣ አንገቱ ላይ የድምፅ እርከን የሚለዩ የአንጀት ክሮች የተቋጠሩበት መሣሪያ ነው። ደጋኑ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1724 ይህ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ጋምባ ራሱ ዘመኑ እያለፈበት የነበረ መሣሪያ ነው። ባክ ለራሱ ጊዜ እንኳ አሮጌ የሆነውን ነው ለዚያች ቅጽበት የፈለገው። ይህን ሳውቅ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋምባ ተጫዋች አላገኘንም፤ ክፍሉን የቼሎው ተጠሪ ተጫወተው። ግሩም አድርጎ። ድምፁ ሞላ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቤቱን ያዘው። ችግሩ ዘማሪዋ ከእሱ በላይ ለመሰማት መግፋት ነበረባት። ከጎኗ ስለነበርኩ የአንገቷን ሥር አይ ነበር። በመካከል ዜማው በድንገት ይፈጥናል፤ «የይሁዳው ጀግና በኃይል ድል ያደርጋል» የሚለው ቦታ ነው፤ አውታሮቹ ሁሉ እንደ ጦር መለከት ይነሣሉ። እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ዋጥናት። አፏ ሲከፈት አየሁ እንጂ ቃሉን አልሰማሁም።

ዘንድሮ ጋምባ ተጋበዘ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ አመድማ ነው፣ ትንሽ በአፍንጫ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ሐረግ ስትወርድ የመጨረሻዋ ድምፅ ልትሰማ አልቻለችም ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ አየሁ፤ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ሳል አቁመው አንገታቸውን ወደፊት አስግገዋል። ዘማሪዋ ያለ ግፊት፣ እንደምታወራ ሆና ዘመረች። የጭንቁ ድርሻ ወደ ተጫዋቹ ዞሯል፤ ያቺን ድምፅ ሳይሰብራት ለማውጣት ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። የጀግናው ክፍል ሲመጣም በአንጀት አውታር የቻልነውን ያህል ብንነሣ እሷ ከላይ ቆማለች። ከዚያ ጋምባው ብቻውን ተመለሰ፤ ያቺኑ ወራጅ ሐረግ ይዞ።

የጠፋብንም ነገር አለ፤ መናገር አለብኝ። «በደስታ እከተልሃለሁ» የሚለው የሶፕራኖ፣ የከፍተኛዋ ሴት ድምፅ፣ አሪያ ከፍሉት ጋር ነው፤ የተጻፈውም በሲ ቤሞል ነው። አንዲት ቁልፍ ብቻ ላላት የእንጨት ፍሉት ይህ አስቸጋሪ ቅኝት ነው፤ ጣቶች ይጠላለፋሉ፣ ብዙዎቹ ድምፆችም ጭጋግ እንደሸፈናቸው ይሆናሉ። እኔ ከአጠገቡ ሆኜ ወደድኩት። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ጓደኛዬ ግን «ፍሉት ነበረ እንዴ?» አለችኝ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ሲሞቅም የአንጀት አውታሮቻችን ይሸሹ ጀመር፤ ሁለት ጊዜ ቆመን ቃኘን።

ስለዚህ የዛሬውን መሣሪያ የሚንቁ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አልስማማም። ባክ ራሱ ያገኘውን የሚጠቀም ሰው ነበር። ይህ ሕማማት ሚያዝያ 7 ቀን 1724 እዚሁ ላይፕሲግ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ቦታው ጠባብ ነው፣ እንደ ፒያኖ በቁልፍ የሚነካው ሃርፕሲኮርድም ጥገና ይፈልጋል ብሎ ከከተማው ምክር ቤት ጋር ተነጋግሯል። በኋለኞቹ ዓመታት ድርሰቱን ሲያድሰው ሉት ለሚባለው በጣት ለሚነካ ባለ አውታር መሣሪያ የጻፈውን ለኦርጋን ወይም ለሃርፕሲኮርድ ሰጥቷል፤ ቪዮላ ዳሞሬ በሚባለው የደጋን መሣሪያ ቦታም ድምፃቸው የታፈነ ቫዮሊኖች አስገብቷል። በ1829 የሃያ ዓመቱ የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶን በርሊን ላይ የባክን ሌላ ሕማማት፣ የማቴዎስን፣ ከረሳው ዓለም ሲያወጣ፣ የባክ ዘመን ኦቦዎች በመጥፋታቸው በቦታቸው ክላሪኔት የተባለ ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ ተጠቅሟል። እሱ ትክክለኛው መሣሪያ እስኪገኝ ልጠብቅ ቢል ኖሮ ምን እናገኝ ነበር? አሮጌዎቹን መሣሪያዎች ወደ መድረክ ከመለሱት አንዱ ኒኮላውስ ሃርኖንኩርትም በ1953 የራሱን ቡድን ቪየና ላይ ሲመሠርት እንጀራውን የሚበላው በቪየና ሲምፎኒ ውስጥ የዘመኑን ቼሎ እየተጫወተ ነበር። ለዓመታት ሁለቱንም ይዟል።

ከኮንሰርቱ በኋላ አዲስ አበባ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ በገና ይደረድራል። ልጅ ሳለሁ በሑዳዴ ማታ ማታ በገናውን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ አሥሩን አውታር አንድ በአንድ በመቃኛው እያጠበቀ፣ ከአውታሩ ሥር የሚገባውንና የሚያስነዝረውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራውን፣ በጣቱ እየገፋ ሲቃኝ እኔ ራት ሳልበላ እተኛ ነበር። እሱ መዝሙሩን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አልደርስበትም። ያን ጊዜ አውታሩ የበግ አንጀት ነበር፤ አሁን ናይሎን አስሮበታል።

በስልኬ የቀዳሁትን ጋምባ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ።

«ምንድን ነው አውታሩ?» አለኝ።

«አንጀት ነው አባዬ።»

«አውቄዋለሁ። ናይሎን እኮ ይታዘዛል ልጄ፤ ጅማት ግን ይለመናል።» ትንሽ ቆየና «እዚያ ይሸጣል?» አለ።

አውታር ሻጩ ጋ ሄጄ ስለ በገና አስረዳሁት፤ ውፍረቱን በሚሊሜትር እየለካን አሥር መረጥን። ሰው ስላገኘሁ ላክሁለት። ባለፈው እሑድ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ ስድስት ደቂቃ ነው። ሲያጠብቅ፣ ሲነካ፣ ሲያላላ፣ እንዚራውን ሲያንሸራትት፣ ደግሞ ሲያጠብቅ ይሰማል። መዝሙሩ ገና አልተጀመረም። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ትራም ውስጥ ሆኜ ሦስት ጊዜ ሰማሁት።