«ምንም የለባትም» ብዬ የሸኘኋት እናት

(ደሴ ላይ ለአዋላጅ ነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽንና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ከሐይቅና ከኩታበር በጠዋት የተነሳችሁ፣ እዚሁ ደሴ ከሰኞ ገበያና ከቧንቧ ውሃ በእግራችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። አዋላጆች ከፊት በመቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል። የዛሬው ወሬዬ ስለ ሄፓታይተስ ኢ፣ በውሃ ስለሚመጣው የጉበት በሽታ ነው፤ በብዛትም ከእናንተ ጋር ነው።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ያለፈው ከቱቦና ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው። በሽተኛን የማውቀው በፊቱ ሳይሆን በናሙና ቁጥሩ ነው። አንዷን ግን ፊቷን አልረሳትም።

ከዓመታት በፊት ነው። ክረምት ነበር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከእናቷ ጋር መጣች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ምግብ አይጠጋትም፣ ሽንቷ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል። ደሟን የቀዳሁት እኔው ነኝ። ቱቦውን ደም ከሚያሽከረክረው ማሽን፣ ከሴንትሪፉጅ፣ ሳወጣው ከላይ የቀረው የደም ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ የማር መልክ ነበረው። የጤነኛ ሰው ሴረም የገለባ መልክ እንዳለው የላቦራቶሪ ልጆች ታውቃላችሁ። ያንን ቱቦ አንዴ ያየ ሰው ጉበቷ እንደተጎዳ መጠርጠሩ አይቀርም።

የሄፓታይተስ ቢ ቴስቱን ሠራሁ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ ኔጌቲቭ። ሲን ሠራሁ። እሱም ኔጌቲቭ። ሁለቱን ጽፌ ወረቀቱን በመስኮት አቀበልኩ። እናቲቱ «ልጄ፣ ምን ተገኘባት?» አሉኝ። «አብሽሩ እናቴ፣ ምንም የለባትም» አልኳቸው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ራሷን ስታ ወደ ሆስፒታል እንደወሰዷት ሰማሁ። እሷም ልጇም አልተረፉም። ቱቦዋን ግን ከሦስት ቀን በኋላ ከሌሎቹ ጋር ወደ ማቃጠያ ልኬው ነበር። ሄፓታይተስ ኢ ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። የማልችለውም ናሙናውን ስለጣልኩት ነው።

«ምንም የለባትም» ማለት አልነበረብኝም። ማለት የነበረብኝ «ቢና ሲ የሉባትም፤ ቢጫ ያደረጋትን ነገር ገና አላገኘነውም» ነበር። ሁለቱ አነጋገሮች በጣም ይለያያሉ። አንዱ እናትን ወደ ቤት ይመልሳል። ሌላው ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ጉበትን የሚያጠቁ ዋና ዋና የሄፓታይተስ ቫይረሶች አምስት ናቸው፤ ከኤ እስከ ኢ። ቢ፣ ሲና ዲ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋሉ። ኤና ኢ የሚገቡት በአፍ ነው፤ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ። ኤን እኛ አገር አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሳያውቀው ታሞት ስለሚያልፍ አዋቂ ላይ ብዙ አናየውም። ኢ ግን በተለይ ወጣቱንና ጎልማሳውን ነው የሚጥለው። ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 6 ሳምንት አስቸግሮ በራሱ ይለቃል። በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ከያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ ጊዜ ከተያዙ 100 እናቶች እስከ 20 እና 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ።

አያቶቻችን ይህን ቢጫነት «የወፍ በሽታ» አሉት። የሌሊት ወፍ በላዩ ስታልፍ፣ ሽንቷ ሲነካው ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። እኔ በዚህ ስም አልስቅም። ኢ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት ከ2 እስከ 10 ሳምንት ይፈጅበታል፤ በአማካይ ወደ 40 ቀን ገደማ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከየትኛው ጀሪካን እንደጠጣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ማን ያስታውሳል? ሰው ጥፋቱን ውሃው ላይ ማየት ስላልቻለ ወፏ ላይ አየው። እኛ ግን የደም ምርመራ አለን። ደሙ ያንን የተረሳ ቀን ያስታውሳል።

እንዴት እንደሚያስታውስ ላስረዳ። ሰውነት ኢን ሲያገኝ ሁለት ዓይነት አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረሱን የሚይዝ መከላከያ ፕሮቲን፣ ያወጣል። አይጂኤም ቀድሞ የሚደርሰው ነው። ምልክቱ ሲጀምር ደም ውስጥ ይገኛል፣ ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ ይጠፋል። አይጂጂ ብዙም ሳይዘገይ ይከተልና ለዓመታት ይኖራል። ስለዚህ አይጂጂ ብቻ ከተገኘ ሰውየው አንድ ቀን ኢ አግኝቶታል ማለት ነው፤ መቼ እንደሆነ ግን አይነግረንም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ላይ አይጂኤም ሲገኝ ነው «አሁን ነው የያዘው» የምንለው።

አይጂኤምን የምንፈልገው በኤላይዛ ነው። አይታችሁት ለማታውቁ፣ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ያሏት መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ ናት። በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የቫይረሱ ፕሮቲን ተለጥፏል። የተበረዘ ሴረም እንጨምርና 37 ዲግሪ ላይ እናቆየዋለን። አይጂኤም ካለ ፕሮቲኑን ጨብጦ ይቀራል። ከዚያ እናጥባለን። አይጂኤምን የሚይዝ፣ ኢንዛይም የተሸከመ ሌላ አንቲቦዲ እንጨምራለን። እንደገና እናጥባለን። መጨረሻ ላይ ቀለም የሚያወጣውን ፈሳሽ ስንጨምር፣ አይጂኤም ያለበት ጉድጓድ ቀስ እያለ ሰማያዊ ይሆናል። አሲድ ጠብ ሲደረግበት ወዲያው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ያ ቢጫ የበሽተኛዋን ዓይን ነው የሚያስታውሰኝ። ስንት ዓመት ሠርቼ እንኳ አልለመድኩትም። ማሽኑ የቢጫውን ጥልቀት በ450 ናኖሜትር ለክቶ ቁጥር ይሰጠናል፤ ቁጥሩ ከመለያው በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው።

ወጣቶቹ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ የምፈራው እጥበቱን ነው። በደንብ ያልታጠበ ጉድጓድ የሌለ በሽታ ያመጣል። ነካ ነካ አድርጋችሁ አትለፉት። ከሰው ናሙና ጋር የሚሠሩት ኮንትሮሎች፣ ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቀው ናሙናዎች፣ ካልሠሩ ደግሞ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ ጣሉት። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ እየደወለ ነው ብላችሁ አታውጡት። ሌሎች ቫይረሶችም አንዳንዴ አይጂኤሙን በሐሰት ፖዘቲቭ ያደርጉታል። ደሙ በጣም ቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ እውነተኛው በሽታ ሊያመልጠን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ከጥቂት ቀን በኋላ ድጋሚ ቅዱ። ፒሲአር የቫይረሱን ዘር ራሱን ያገኛል፤ ቫይረሱ ደም ውስጥ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የተወሰደ ደም ላይ ፒሲአር ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ኢ አልነበረም ማለት አይደለም።

አሁን ሁሌ የምጠየቀውን ጥያቄ ላንሳ። «ለሄፓታይተስ ኢ የታወቀ መድኃኒት ከሌለ መመርመሩ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ሐኪሞችም ይሉኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ ቢጫ የሆነች ሴት ሠፈር ውስጥ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። «ቢ አለባት» ይባላል። ባሏ ይጠረጥራታል፣ እሷም ትጠረጥረዋለች። ዕቃዋ ይለያል። ኢ ግን ከባልም ከሚስትም መማገጥ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከውሃ ነው የመጣው። ደግሞም ጤነኛ የነበረ ሰው ላይ አይከርምም፤ ይለቃል። ይህንን በወረቀት ላይ አረጋግጦ መስጠት ትዳር ያተርፋል። እኔ ይህን ትንሽ ነገር አልለውም።

ሌላው፣ አንድ ሰው ላይ የተገኘ ኢ የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ከዚያው ቦኖ የቀዱ ሌሎች አሉ፤ ከመካከላቸውም ነፍሰ ጡር ትኖራለች። የመጀመሪያውን ቢጫ ዓይን ባየን ሳምንት ውጤቱ ከደረሰን፣ ውሃው ይመረመራል፣ ክሎሪን ይገባል፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ሄዳ «አፍልታችሁ ጠጡ» ትላለች። ቱቦውን ከጣልነው ግን ቀጣዩዋን እናት እንጠብቃለን።

የደልሂን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1956 የያሙና ወንዝ ውሃ በፍሳሽ ተበክሎ ወደ 29,000 የሚጠጋ ሰው ቢጫ ሆነ። ያኔ ኢ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ኤ ነው ተባለ። አንዳንድ ባለሙያዎች ግን የበሽተኞቹን ሴረም አስቀምጠውት ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመረመር ኤ አለመሆኑ ታወቀ። ሚካኤል ባላያን የሚባል የሶቪየት ቫይረስ ተመራማሪ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው፣ አፍጋኒስታን ውስጥ ከታመሙ ወታደሮች የተወሰደ የሰገራ ናሙና ራሱ ጠጣ። ከ36 ቀን በኋላ ታመመ። ቫይረሱንም በራሱ ሰገራ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ይህንን አድርጉ አልላችሁም! ግን ያንን ሁሉ የከፈሉት እኛ ዛሬ አንድ ቱቦ ደም ቀድተን ስሙን እንድናውቅ ነው።

የእኛም አገር ታሪክ አለው። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል የተነሳውን የኢ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1991 በጥናት አሳትመዋል፤ በነፍሰ ጡሮች ላይም አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፖች ተነስቶ ነበር። ጦር ሰፈር፣ ካምፕ፣ ብዙ ሰው፣ ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ሽንት ቤት። ወሎ ባለፉት ዓመታት ስንት ተፈናቃይ እንዳስጠለለች ለእናንተ አልነግራችሁም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ላቦራቶሪዎቻችን ሲዘረፉ ማይክሮስኮፕ እንኳ ያልቀረን ቀን ነበር። ቦርከናም ክረምት ላይ ምን ምን ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ታያላችሁ። ኢ ውሃው ውስጥ አለ እያልኩ አይደለም። ሳንመረምር የለም ማለት አንችልም ነው የምለው።

ክትባቱን የሚጠይቀኝ አለ። አለ፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2011 ፈቃድ ሰጥታዋለች፣ በ2022 ደግሞ ደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረርሽኝ ለመግታት ተሰጥቷል። ሦስት ዙር ነው። ወረርሽኝ ሲኖር እንዲሰጥ ግን መጀመሪያ ወረርሽኙ ኢ መሆኑ በላቦራቶሪ መታወቅ አለበት። ተመልሶ ቱቦው ጋ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስታገኙ ቢና ሲን ሥሩ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ናሙናውን አትጣሉ። ደሙን ስትቀዱ ሲሪንጁን በኃይል አትሳቡ፤ ቀይ ሴል ከፈነዳ ሴረሙ ይበላሻል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይርጋ፣ ከዚያ አሽከርክሩት፣ ሴረሙን ለይታችሁ ወደ ንጹህ ቱቦ ገልብጡት። ለጥቂት ቀናት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ይቀዝቅዝ፤ እያቀለጡ መልሶ ማቀዝቀዝ ግን አይሆንም። ለፒሲአር ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ሌላ ናሙና ጨምሩ። የኤላይዛ መመርመሪያ ኪቱ ያለን እኛ ብቻ አይደለንም፣ ሁሌም የለንምም። ናሙናው በክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ በኩል እንዲያልፍ አስመዝግቡት።

አዋላጆች፣ ለእናንተ የተለየ አደራ አለኝ። የኤላይዛ ውጤት ይዘገያል። ኪቱ አንዴ ከተከፈተ ብዙ ስለማይቆይ ናሙና እስኪጠራቀም እንጠብቃለን፤ ቀናት ይሄዳሉ። እናቲቱን ግን ውጤቱ እስኪመጣ አታቆዩአት። ዓይኗ ቢጫ የሆነች ነፍሰ ጡር ካገኛችሁ ያን ቀኑን ሪፈር አድርጉ። ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ እንቅልፍ ከበዛባት፣ ድድዋ ወይም አፍንጫዋ ከደማ አምቡላንሱን በዚያች ሰዓት ጥሩ። ደሟ እኛ ጋ ይቆያል።

አንድ ትንሽ ነገር ይቀረኛል። የመጠየቂያ ወረቀታችን ላይ ስም፣ ዕድሜና ፆታ አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። ያ ቀን ከሌለ አይጂኤም ለምን እንዳልተገኘ፣ ፒሲአር ለምን ባዶ እንደወጣ ማወቅ አንችልም፤ ውሃው የተጠጣበትን ሳምንትም ወደ ኋላ ቆጥረን አንደርስበትም። ስለዚህ ከወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ጨምሩልኝ። አንደኛው ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ቀን፣ ሁለተኛው ውሃ የሚቀዳበት ቦታ። ሴት ከሆነች የእርግዝናዋን ወር ጨምሩ።

በሩ ላይ ያለው ካርቶን ውስጥ ባዶ ቱቦና ወረቀት አስቀምጫለሁ። ከሻይ በኋላ ስትወጡ ለየጤና ጣቢያችሁ ውሰዱ። ካለቀባችሁ ደውሉልኝ፣ በኮምቦልቻ ሚኒባስም ቢሆን እልካለሁ። አመሰግናለሁ።